ጀርባ ላይ የተዘቀዘቀ ወፍ

ማታር ገበያ ላይ ጨርቅ የሚመርጡት ሴቶች ናቸው፤ የሚከፍል ባል ከተገኘ እሱ ይከፍላል፤ ጥፋተኛው ግን ምንጊዜም ልብስ ሰፊው ነው። ጨርቁ ታጥቦ ቢያጥር እሱ፣ ቀለሙ ቢለቅ እሱ፣ የለባሿ ወገብ ከልኬቱ ወዲህ ሁለት ጣት ቢጨምር እንኳ እሱ። ይህን የምለው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ማዶዋ ደቡብ ሱዳን በሆነ፣ ሜዳዋ ዓይን እስኪደክም በተዘረጋ በዚች የኑዌር ዞን ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ደህና ጥላ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ከጥቂቶቹ አንዱ የሰፊው በረንዳ ነው። አግዳሚው ሰፊ፣ ሻዩ ከጎን፣ ወሬው በነጻ። የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ 40ን ሲሻገር፣ ሌላው ሲሠራ ተቀምጦ ከማየትና አስተያየት ከመስጠት የተሻለ ምን ሥራ አለ?

ሰፊው የደገኛ ልጅ ነው። አባቱ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ለሰፈራ ወደ ጋምቤላ ከመጡት አንዱ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ክልሉ ውስጥ ተወልዶ ኑዌርኛውን ውሃ አድርጎታል። ሲከራከር በኑዌርኛ፣ ሲናደድ በአማርኛ፣ ጨርቅ ሲያሰላ ደግሞ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ነው። መኪናው በእግር የምትረገጥ ባተርፍላይ፣ ካውያው የከሰል። ይህን ሁሉ ለሰው ያውሳል፤ መቀሱን ግን ማንም አይነካበትም። ሻይ የምታፈላው ልጅ አንድ ቀን ፌስታል ልትቆርጥበት አንስታው እስካሁን ምሕረት አላገኘችም።

የሚመጣለት በብዛት ያ ከሩቅ የሚጣራው፣ ሥዕሉ የጎላ የአፍሪካ ጨርቅ ነው፤ ገሚሱ ሰው ኪቴንጌ ይለዋል። በበጋ ከጋምቤላ ከተማ በአይሱዙ፣ ክረምት መንገዱን ጭቃ ሲውጠው በባሮ በጀልባ ይደርሳል፤ ወሰን ተሻግሮ የሚገባም አለ። ተጣጥፎ ሲሸጥ ልማዱ 6 ያርድ ነው፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ገደማ። የመጀመሪያው ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ባለሱቁ «6 ሜትር» ብሎ ይሸጣል፤ 6 ያርድ ግን 5 ሜትር ከ49 ሳንቲ ሜትር ነው። የጎደለችውን 51 ሳንቲ ሜትር አትናቋት፤ የሁለት እጅጌ ጨርቅ ናት። ሴትዮዋ ባለ እጅጌ የተመኘችው ቀሚስ እጅጌ አልባ ሆኖ ሲጠብቃት ባለሱቁ ጋ አትሄድም። «እጅጌዬን የት አደረስከው?» ብላ የምታንቀው ሰፊውን ነው። እሱም ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ያርድና ሜትር የሚለያዩበትን ማስረዳት ይጀምራል። የተናደደ ሰው ደግሞ ያርድ አይገባውም።

የእናቶቻችን ቺት እንዲህ አላስቸገረም። ቺት ላይ ያለችው አበባ የአውራ ጣት ጥፍር አታህልም፤ ተዘቅዝቃ ብትገባ፣ ስፌት ለሁለት ቢሰነጥቃት፣ ኪስ ውስጥ ገብታ ብትቀር የሚጠይቅላት የለም። ቺት ቻይ ነው። አቡጀዲድማ ጭራሽ ራስና እግርም የለው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመ ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ይዘው፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ ጨርቅና ጨው እያራገፉ ቡናና ቆዳ ሲጭኑ፣ ያን ነጭ ጣቃ የቆረጠ ሰፊ ሁሉ ከየትም ቢጀምር የሚወቅሰው አልነበረም። ያ ዘመን ለሰፊዎች የጽድቅ ዘመን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ያወሳሰቡት ሆላንዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1846 ሄልሞንድ በምትባል ከተማ የተቋቋመው፣ ዛሬ ቭሊስኮ የሚባለው ፋብሪካ የጃቫዎችን ባቲክ በማሽን አስመስሎ መልሶ ለራሳቸው ለጃቫዎች ሊሸጥ ተነሳ። ለዘፋኝ ዘፈን መሸጥ በሉት። ማሽኑ የሚቀባው ሙጫ እየተሰነጣጠቀ ቀለም ያሾልክና ጨርቁ ላይ ቀጫጭን መስመር ይተው ነበር። ጃቫዎቹ ይህን እንከን አሉት፤ ምዕራብ አፍሪካ ውበት አለው፤ ገበያው እዚያው ቀረ። ዛሬ ማታር የሚደርሰው ግን አብዛኛው የሆላንድ ሳይሆን የእስያ አስመሳይ ነው። ጠርዙ ላይ የሆላንድ ስለመሆኑ ዋስትና የሚሰጥ ጽሑፍ ሠፍሮበታል፤ አስመሳይም እኮ ማንበብና መጻፍ ይችላል። ለደንበኞቹ ይህ ጽሑፍ ትልቅ ነገር ነው። ሰፊው ቆርጦ ሊጥለው ሲል «እሱማ ይታይ!» ብለው ይከለክሉታል፤ ስለዚህ የዋስትናው ጽሑፍ በቀሚሱ ዘርፍ ዙሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ ይዞራል።

ጥጥና ናይለኑን ለመለየት ሰፊው አንድ ክር መዝዞ በክብሪት ያነድዳል። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት ሸቶ አመድ ይሆናል፤ ካልሆነ ቀልጦ ድብልብል ይላል። ድሮ ይህን የሚያደርገው ደንበኛ ፊት ነበር። አንድ ቀን ባል «ንጹሕ ጥጥ ነው፣ ውድ ነው» ብሎ ለሚስቱ የገዛው ጨርቅ በሚስቱ ፊት ቀለጠ። ከዚያ ወዲህ የሚያቃጥለው ብቻውን ሲሆን ነው።

አሁን ወደ መቀሱ። የዚህ ጨርቅ ሥዕል ሳህን ሊያህል ይችላል፤ ሳህን የሚያህል ነገር ሰው ገላ ላይ ሲያርፍ ደግሞ የት እንደሚያርፍ መጠንቀቅ ያሻል። አንዲት ወይዘሮ ትልልቅ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር የታተመበት ጨርቅ ይዛ መጣች። (ማታር ላይ፣ በመጋቢት፣ ቬንትሌተሩን ቢያንስ መልበስ!) ሰፊው ጨርቁን እንደ ልማድ ለሁለት አጥፎ ቢቆርጠው ኖሮ ሁለቱ ቬንትሌተሮች ደረቷ ላይ ግራና ቀኝ፣ ሌላ ቦታ ቢፈለግላቸው ሊገኝ በማይችል ትክክለኛነት ይሰየሙ ነበር። ወደ ታች ሳባቸው፤ አንዱ ሆድ ላይ ሆነ፣ የኋላው ደግሞ መቀመጫ ላይ። ወይዘሮዋ ተነስታ ስትሄድ ምን ሊመስል እንደሚችል አግዳሚው ላይ የነበርን ሁሉ አሰብን፤ የተናገረ ግን የለም። በመጨረሻ ማጠፉን ትቶ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና አንዱን ቬንትሌተር ወደ ግራ ትከሻ፣ ሌላውን ከጉልበት በላይ ወደ ቀኝ ወሰደው። ደረቱ ላይ ቅጠል ብቻ ቀረ።

ከዚያ የሠራው ሥራ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ዚፕ የሚገባበት ጀርባ ሁለት ቁራጭ ነው፤ ስፌቱ ደግሞ አንዱን ቬንትሌተር መሐል ለመሐል ይከፍለዋል። አንዱን ቁራጭ ቆረጠና ባልተቆረጠው ጨርቅ ላይ መልሶ አነጠፈው። በመዳፉ እየገፋ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ክንፍ ከክንፍ ሲገጥም ቁራጩ ድንገት ጠፋ፤ ጠርዙን ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም። «እንዲህ ሲጠፋ ነው ልክ የሚሆነው» አለኝ። ስፌት የሚበላውን ሁለት ጣት ጨመረና ባለቀ ሳሙና ስስ ቁራጭ ምልክት ሊያደርግ ጎንበስ አለ። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በእንዲህ ያለ ሥዕል መሐል የሳሙና መስመር አይታይም፤ ገልብጦ በጀርባው እንዳያሰምር፣ ደህናው ጨርቅ ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ስለሆነ ጀርባ የለውም። ርካሹ ጨርቅ ለሰፊ የተሻለ ወዳጅ የሚሆንበት ጊዜ ይኸው ነው። ሰፊው ሳሙናውን አስቀምጦ ጠርዙን በመቀስ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

ወፍ ከቬንትሌተር ይከፋል። ቬንትሌተር የትም ቢዞር ቬንትሌተር ነው፤ ወፍ ግን ራስና እግር አለው። ያ ሰፋ ያለ፣ ትከሻው ስፌት የሌለው ቀሚስ የሚቆረጠው ጨርቁ ትከሻ ላይ ታጥፎ መሐሉ ለአንገት ተቀድዶ ነው፤ ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ጨርቅም ይቆጥባል። ግን እስቲ አስቡት፤ ፊት ላይ ወደ ሰማይ የሚወጡት ወፎች ትከሻውን ሲሻገሩ በጀርባ በኩል በአፍጢማቸው ይወርዳሉ። ለባሿ ይህን አታውቅም፤ መስታወት የሚያሳያት ፊቷን ነው። ከኋላዋ የሚሄደው ሕዝብ ግን ያውቃል። ማታር ደግሞ ሰው ተሰልፎ በአንድ ቀጭን መንገድ የሚሄድበት ከተማ ነው፤ በተለይ በዝናብ ጊዜ ደረቁ መርገጫ አንድ ሲሆን፣ የፊተኛይቱን ጀርባ እያዩ ከመሄድ ሌላ አማራጭ የለም። መፍትሔው ትከሻውን ቆርጦ ጀርባውን አዙሮ መስፋት ነው። አንድ ስፌት ይጨምራል፣ አንድ ክንድ ጨርቅ ይበላል፤ የክንዷ ጨርቅ ደግሞ ያቺ ባለሱቁ ጋ የቀረችው ናት።

ኮትዲቯርና ቶጎ ውስጥ ደግሞ ሥዕሉ መልእክት አለው። አንዱ የታወቀ ሥዕል የተከፈተ የወፍ ማጎሪያና ወጥታ የምትበር ወፍ ነው፤ ሚስት የምትለብሰው ማታ ማታ መውጣት ላበዛ ባል «ከወጣህ እወጣለሁ» ለማለት ነው ይባላል። ይህን ጨርቅ ለማያውቅ ሰፊ ሰጥቶ መተኛት አይቻልም። መቀሱ በማጎሪያውና በወፏ መሐል ካለፈ ማጎሪያው እጅጌ ላይ ይቀራል፣ ወፏ ብብት ውስጥ ትሰፋለች። ባልም ምንም ሳይሰማው ሲያመሽ ይኖራል። ትዳር በሁለት ሳንቲ ሜትር ሲሳት አያድርስ ነው።

የሰው ፊት ያለበት ጨርቅ ሲመጣ ግን ሰፊው መኪናውን ያቆማል። አፍሪካ ውስጥ የመሪና የጳጳስ ፊት በጨርቅ ማተም የቆየ ነገር ነው፤ ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2009 ጋናን ሲጎበኙ እንኳ ፊታቸው በጨርቅ ታትሞ ተለብሷል። ማዶ ዘመድ ያለው አንድ ሰው የታላቅ ሰው ምስል ያለበትን ሁለት ሜትር ጨርቅ ሸሚዝ እንዲሆንለት አመጣ። ሰፊው ገና ሳይለካ ሕጉን ነገረው። ፊቱ መቀመጫ አካባቢ አይወርድም፤ ብብት ሥር አይገባም፤ የቁልፍ መሥመር አፍንጫውን አይከፍለውም፤ አንገቱ ላይ ደግሞ በምንም ዓይነት መቀስ አይነሳም። «ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ምንድነው?» ቢለው፣ «ጀርባ» አለው። ሰውየው ዛሬም ያንን ሸሚዝ ለብሶ ሲያልፍ ከፊት ተራ ሰው ነው፤ ሲዞር ግን ሁለት ዓይኖች አፍጥጠው ያዩናል።

ሥዕሉ ስለሚያርፍበት ቦታ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከየት መጣ ብዬ አስብ ነበር። እዚህ አካባቢ ትልቁ ልብስ መቀስ አይፈልግም። በደቡብ ሱዳን በኩል ላዋ የሚሉት አንሶላ መሳይ ጨርቅ አንዱ ትከሻ ላይ ተቋጥሮ ይለበሳል፤ ወንዱም ሴቷም ያምርበታል። እኛም ብንሆን ነጠላና ጋቢ ላይ መቀስ ያነሳ ሰው ጤናው ይጠረጠራል። ጥለቱ የት እንደሚውል የሚወስነው ሸማኔው ነው፤ ሽሮ ሜዳ ያለው ሰፊ የሐበሻ ቀሚስ ሲሠራ ጥበቡ ከደረት እስከ እግር የሚወርድበት ቦታ ቀድሞ ያለቀለት ጉዳይ ነው።

ነገሩን የገለጡልኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው፣ ለልጅቷ ቀሚስ የተነጠፈውን ባለ ነጭ ክብ ጥቁር ጨርቅ በምርኩዛቸው ጫፍ ሳይነኩ እየጠቆሙ ለሰፊው ረዘም ያለ ነገር ነገሩት።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ነጩን ጎኗ ላይ አታውለው፣ ትከሻዋ ላይ አውለው ነው የሚሉኝ። ጎን ላይ የዋለ ሌላ ነው፣ ትከሻ ላይ የዋለ ሌላ ነው አሉ።»

«የምን ሌላ?»

ጠየቃቸው። ሳቁና መለሱለት፤ እሱም ሳቀ። «የበሬ ነው» አለኝ። «የአባታቸው በሬ ትከሻው ነጭ ነበር አሉ።» ከዚያ ወደሳቸው ዞሮ በአክብሮት «እሺ እማማ፣ እርስዎ እንዳሉት» አላቸው፤ በአማርኛ መሆኑን ዘንግቶ።

ኤቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የባህል ተመራማሪ ኑዌሮች መሐል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ከብት ቀለም ብዙ ገጽ ጽፏል። መሠረታዊዎቹ ቀለማት አሥር ናቸው ይላል፤ ከነጭ ጋር ሲቀላቀሉ የሚወጣው ስም ግን በመቶዎች ይቆጠራል። ነጩ ፊት ላይ ከዋለ አንድ ስም፣ ትከሻና እግር ላይ ከዋለ ሌላ ስም፤ ዝንጉርጉሩ የነብር፣ መስመር መስመሩ የአዞ። ጎረምሳ በበሬው ቀለም ይጠራል። እንግዲህ ይህ ሕዝብ ሥዕል ገላ ላይ የት ማረፍ እንዳለበት ሲከራከር የኖረው የሆላንዱ ፋብሪካ ሳይታሰብ ነው። እኔ ጨርቅ ሳይ የማየው ቀለሙን ነው፤ እነሱ የሚያዩት ቦታውን ነው። ምስኪኑ ሰፊ ከእንዲህ ያሉ ዳኞች ፊት ወፍ ዘቅዝቆ ማለፍ የሚችል መስሎት ነበር በወጣትነቱ፤ እሱ ራሱ እንደነገረኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ለአንድ ወቅት ብቻ ነው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ስልክ መጥቷል። ልጃገረዶቹ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ስልኩን አፍንጫው ሥር ይደቅናሉ፤ «ይሄን!» ሌጎስ ላይ ማንገቻ በሌለው ደረት፣ በተንዘረፈፈ ጅራት የቆመች ሴት ናት። አሜሪካ ኦማሃ ያለች እህትም በድምፅ መልእክት ታዝዛለች። ጅራቱ ብቻ 4 ሜትር ይበላል። ሰፊው አይቶ፣ ስልኩን አርቆ አይቶ፣ «ይሄ ልብስ አይደለም፣ ሠርግ ነው» ይልና ከፍ ያለ ዋጋ ይጠራል። ልጅቷ ትቀመጣለች፤ ድርድሩ ወደ ጅራት አልባው ይወርዳል። የኑዌር ልጅ ቁመቷን ይባርክላት፣ የወረቀት ቅድ ሁሉ ጉልበቷ ላይ ያልቅበታል፤ ጅራት የሚሆን ጨርቅ ቁመት ላይ ተከፍሎ አልቋል።

የቁርጥራጩ ጉዳይ ዕልባት ያገኘበትን አገር አላውቅም። ሰፊ ቁርጥራጭ የእኔ ነው ይላል፤ ደንበኛ የእኔ ነው ትላለች፤ ሁለቱም ወገን ሃይማኖታዊ ጽናት አለው። ሥዕልን ከሥዕል ጋር ለማጋጠም ሲባል የሚባክን ጨርቅ ከተራው ይበልጣልና ቁርጥራጩም ደለብ ያለ ነው። ራስ ማሰሪያ ይወጣዋል፣ የሕፃን ቁምጣ ይወጣዋል፣ የትራስ ልብስ ይወጣዋል። የሰፊው ትንሹ ልጅ በረንዳው ላይ ሲሯሯጥ የቁምጣውን ኪሶች ያየ ሰው በከተማው ዘንድሮ ማን እንደተዳረ ሊቆጥር ይችላል። አንዲት ሙሽራ የሠርጓን ጨርቅ የልጁ ኪስ ላይ አይታ እስካሁን «ልጅህ እኔን ለብሶ ይዞራል» ትለዋለች።

አምና በኅዳር የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዩኒፎርም ሊያሰፉ መጡ። ጨርቁ ቀይ ሆኖ ነጭ ወፍ ያለበት ነው፤ ጣቃዎቹ ሲዘረጉ ግን የአንዱ ቀይ ደማቅ፣ የሌላው ቀይ ደብዘዝ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ጊዜ የተነከረ ጨርቅ ያው አይወጣም፤ ፋብሪካ ያለ ሰው ይህን ያውቃል፣ ባለሱቅም ያውቃል፣ ሲሸጥ ግን ይረሳል። ግማሹ መዘምራን ደማቅ፣ ግማሹ ደብዛዛ ይልበስ ቢባል ደብዛዛውን የሚወስድ አልተገኘም። ሰፊው «የኋላ ረድፍ የሚቆሙት ይውሰዱ» አለ። የኋላ ረድፍ ማን ነው? ረጃጅሞቹ። ረጃጅሞቹ ደግሞ ብዙ ናቸው፣ ድምፃቸውም የጎላ ነው። ክርክሩ ሦስት ሻይ ፈጀ።

የመዘምራኑ መሪ የፈረደችው ፍርድ አጭር ነው። የሁሉም ፊት ከደማቁ፣ የሁሉም ጀርባ ከደብዛዛው።

ሰፊው አፉን በመዳፉ ይዞ ቆየ። ፊትና ጀርባ ከሁለት ጣቃ ከተቆረጠ ትከሻ ላይ ስፌት ግድ ነው፤ ስፌት ካለ ወፉ አይዘቀዘቅም። ሰፊዎች ጨርቅ ሲበላባቸው የሚያለቅሱበት ነገር በባለሱቁ ስንፍና ተፈታ። ደስታውን ግን ፊቱ ላይ አላሳየም፤ ለትከሻ ስፌቱ በየራሱ ተጨማሪ ጠየቀ። ከብዙ ንትርክ በኋላ ግማሹን ተቀበለና ቀጠሮ ሰጠ፤ «ለገና ይደርሳል።»

ማዶ ያሉት ገናን የሚያከብሩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ነው፤ እኛ ታኅሣሥ 29። መዘምራኑ የማዶ ዘመዶቻቸው በዓል ላይ ሊዘምሩ አስበው ታኅሣሥ 15 ማታ በረንዳውን ሞሉት። እጅጌው ገና አልገባም። መሪዋ ቀጠሮውን ስታስታውሰው ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጥሶ ቀና አለና «የትኛው ገና?» አላት።